ዉድሮ ዊልሰንና ዐሥረኛው አንቀጽ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው ድላቸውን ነው። ዉድሮ ዊልሰን ግን ከድሉ ይልቅ በሽንፈቱ የሚያስተምር ሰው ስለ ሆነ፣ ሕይወቱን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊልሰን በ1856 በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ልጅነቱ በርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፣ የአባቱ ቤተ ክርስቲያን የቁስለኞች ማስታመሚያ ሆና አይቷል። ካደገ በኋላ ትምህርቱን ገፍቶ የዶክቶርነት ማዕርግ አገኘ፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከ1902 እስከ 1910ም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያም የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1913 የአገሩን የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ያዘ።

አሜሪካን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለማራቅ ብዙ ደከመ። ነገር ግን የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን ማስጠማቸውን ስላልተዉ፣ በኤፕሪል 1917 ወደ ጦርነቱ ገባ። በጃንዋሪ 1918 ዐሥራ አራት ነጥቦች ያሉትን የሰላም ዕቅዱን ለምክር ቤቱ አቀረበ። የመጨረሻው ነጥብ፣ ትልቁም ትንሹም መንግሥት ነጻነቱና ወሰኑ ተጠብቆለት የሚኖርበት ማኅበር እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ራሱ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ፣ በ1919 የመንግሥታት ማኅበርን ቃል ኪዳን ያረቀቀውን ኮሚሲዮን በሊቀ መንበርነት መራ። ቃል ኪዳኑ 26 አንቀጾች ነበሩት። የዊልሰን ልብ ያረፈው በዐሥረኛው ላይ ነበር፤ ይህ አንቀጽ አባሎች ሁሉ የእያንዳንዱን አባል ግዛትና ነጻነት ከውጭ ወራሪ እንዲጠብቁ ቃል ያስገባቸው ነበርና።

እዚህ ላይ ግን ጉድለቱን ልንሸሽግ አይገባንም። ጃፓን የእኩልነት ቃል በሰነዱ እንዲጻፍ ባመለከተች ጊዜ፣ ከ17 ድምፅ 11ዱ ደገፋት፤ ዊልሰን ግን ሁሉም ካልተስማሙ አይጸድቅም ብሎ ጣለው። በገዛ አገሩም፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጥቁሮቹ የመንግሥት ሠራተኞች ከነጮቹ እንዲለዩ የተደረገው በእሱ ዘመን ነው።

ወደ አገሩ ሲመለስ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቃወመው። ሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅና ተከታዮቹ ዐሥረኛው አንቀጽ ያለ አሜሪካ ምክር ቤት ፈቃድ ወደ ጦርነት ይጎትተናል ብለው ስለ ፈሩ፣ ውሉ ገደብ እንዲደረግበት ጠየቁ። ዊልሰን አልበገርም አለ። ሕዝቡን ለማስረዳት በባቡር ሲዘዋወር በሴፕቴምበር 1919 በመንገድ ታመመ፤ በሚቀጥለው ወር ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ከአልጋው ሆኖም ወዳጆቹ ገደብ ያለበትን ውል እንዳይቀበሉ አዘዘ። በማርች 1920 በተደረገው ድምፅ 49 ደገፉ፣ 35 ተቃወሙ፤ ሁለት ሦስተኛ ለመሙላት 7 ድምፅ ጎደለ። ማኅበሩን ያሰበችው አገር ከማኅበሩ ውጭ ቀረች። ዊልሰንም በፌብሩዋሪ 1924 ሞተ።

ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1923 አገራችን ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆና ነበር። በኦክቶበር 1935 ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ዐሥረኛው አንቀጽ በወረቀቱ ላይ እንዳለ ነበር። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የንግድ ቅጣት ቢወስንም ነዳጅ ዘይትን አልነካም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1936 በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ በሚቀጥለው ወር ያው ቅጣት እንኳ ተነሣ።

ጥፋቱን ሁሉ በሞተ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፈርመው የካዱት በሕይወት የነበሩት መንግሥታት ናቸው። ይሁን እንጂ፣ እኩልነት ከተፋቀበት ቃል ኪዳን ደካማው ጠባቂ ሳያገኝ ቢቀር ሊደንቀን አይገባም። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በመጀመሪያው አንቀጹ ያለ ዘር ልዩነት ሰብአዊ መብት እንዲከበር ጻፈ፤ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። በፓሪስ የጎደለው ቃል ተጽፏል፤ መጠበቁ ግን ለፈራሚዎቹ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የእኛም የተማሪዎቹ ዕዳ ነው።