ልጆች ያሳዩትን ንብ ለልጆች የጻፈ መምህር

በደቡብ ፈረንሳይ ከካርፓንትራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጠጠራማ ሜዳ ላይ አንድ ወጣት መምህር ተማሪዎቹን የመሬት ቅየሳ ያስተምራል። ችካል እንዲተክል የተላከው ተማሪ ግን መንገድ ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ሌላውም እንዲሁ። ነገሩ ሲታይ ልጆቹ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ የጭቃ ጎጆ እየሰበሩ ማሩን በቀጭን አገዳ ይመጡ ነበር። መምህሩ አልተቆጣም፤ ቅየሳውን ለጊዜው ትቶ እሱም አብሯቸው ጎጆ ፍለጋ ገባ።

መምህሩ ዣን ኦንሪ ፋብር ነው። እ.ኤ.አ በ1823 ሳን ሌዮን በተባለች የገጠር መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አቪኞን ከተማ በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ በነጻ የትምህርት ዕድል ተምሮ ገና በለጋ ዕድሜው አስተማሪ ሆነ። ልጆቹ ያሳዩት ንብ ከቀፎ ንብም ሆነ በሀገራችን መሬት ውስጥ ከምትገኘው ጣዝማ የተለየች ናት። መንጋ የላትም። እያንዳንዷ እናት ብቻዋን አፈርን በምራቋ ለውሳ ቤት ትሠራለች፤ ማርና የአበባ ብናኝ ትሞላበታለች፤ ዕንቁላሏን ጥላ ትደፍነዋለች። ፋብር ስሟን ለማወቅ ስለ ነፍሳት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ገዛ። ዋጋው የአንድ ወር ደመወዙ ነበር።

በኋላ በኮርሲካ፣ ከዚያም በአቪኞን አስተማረ። በአቪኞን ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የማታ ትምህርት ሲሰጥ ወጣት ሴቶችም ይከታተሉት ነበር። አበባ እንዴት ፍሬ እንደሚይዝ አስረዳቸው። ዛሬ የትኛውም የግብርና ባለሙያ ስለ ርክበ ብናኝ ለአርሶ አደሩ የሚናገረው ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ለሴት ልጅ ጆሮ የማይገባ ነውር ተደርጎ ተወሰደ። ወቀሳው በረታ፤ ቤት ያከራዩትም በአንድ ወር ውስጥ ልቀቅ አሉት። በ1870 ሥራም ቤትም አጥቶ፣ በወቅቱ አቪኞን ይኖር ከነበረው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ሦስት ሺህ ፍራንክ ተበድሮ ቤተሰቡን ይዞ ኦራንዥ ወደተባለች ከተማ ሄደ። ብድሩን የከፈለው ለልጆች መጽሐፍ እየጻፈ ነው።

መጻሕፍቱ ብዙ ናቸው። ስለ ሰማይ፣ ስለ ተክል፣ ስለ ኬሚስትሪ ጽፏል። ሰብል ስለሚያጠፉ ነፍሳት አንድ፣ ገበሬውን ስለሚያግዙ እንስሳት ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አለው። በብዙዎቹ አጎት ፖል የተባለ ሽማግሌ ለወንድሙ ልጆች ያወጋል፤ እነሱ ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል። በአንደኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች አጎት ፖል ስለ ንብ መንጋ፣ ስለ ሰም፣ ስለ ማርና ስለ አውራዋ ይተርካል። ከልጆቹ መካከል ኤሚልና ዡል የሚባሉት ስማቸውን የወሰዱት ከራሱ ከፋብር ልጆች ነው። ነፍሳት በመሰብሰብ ይረዳው የነበረው ዡል በ1877 በወጣትነቱ ሞተ፤ አባቱም አዲስ ያገኛቸውን ተርቦች በስሙ ሰየማቸው።

ልጆቹ የምርምር ባልደረቦቹም ነበሩ። አንድ ጊዜ የጭቃ ቤት ሠሪዎቹን ንቦች ጀርባ ነጭ ቀለም ቀብቶ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለቀቃቸው። ጎጇቸው አጠገብ ሰዓት ይዛ የምትጠብቀው ልጁ አግላዬ ነበረች። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ተመለሱ፤ ያውም ብናኝ ተሸክመው። ዳርዊን ይህን አንብቦ ንቦቹን ከመልቀቅ በፊት በሣጥን እንዲያሽከረክራቸው በደብዳቤ ሐሳብ አቀረበለት። ቢሽከረከሩም ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አልጠፉም። ፋብር ግን የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ እስከ መጨረሻው አልተቀበለም፤ በዚህ ተሳስቷል።

በ1879 ሴሪኛን በምትባል መንደር ለእርሻ የማይሆን፣ ድንጋይ የበዛበት መሬት ገዛ። ገበሬ የጠላውን ኮሸሽላና እሾህ ንብ ትወደዋለችና እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ስለ ነፍሳት ሕይወት አሥር ቅጽ ጻፈ፤ የመጨረሻው በ1907 ወጣ። በዚህ መካከል የልጆች መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቶች እየወጡ ስለነበር ገቢው ነጥፎ ተቸገረ። በ1910 አድናቂዎቹ ተሰብስበው ሲያከብሩት ዝናው ተነሳ፤ እሱ ግን ሰማንያ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጥቅምት 1915 በዚያው ቤት አረፈ። ቤቱና ግቢው ዛሬ ሙዚየም ነው።