ጌኦርግ ኬርሸንሽታይነር፤ ሥራን ፈታኝ ያደረገ መምህር

የሙኒክ ከተማ በ1895 ከ400 ሺሕ የሚበልጥ ነዋሪ ነበራት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን የከተማይቱ የሠራተኛ ልጅ ሰባት ዓመት ተምሮ በ13 ዓመቱ ገደማ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይወጣና ከአንድ ጫማ ሰፊ፣ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ወይም ከአንድ አንጥረኛ ቤት ገብቶ ለማጅ ሠራተኛ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ለውትድርና እስኪጠራ ድረስ ከጌታው በቀር ስለ ልጁ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ሕጉ በእሑድና በበዓል ቀን እየመጣ ትምህርቱን እንዲቀጥል ያስገድደው ነበር። ነገር ግን በዚያ የሚሰጠው ትምህርት ቀድሞ የተማረውን ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ከመድገም የማያልፍ ስለ ነበረ፣ ሳምንቱን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ የሰነበተው ልጅ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት ልጁ መገኘቱን ይመሰክራል እንጂ ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም።

ይህን አሠራር ከሥሩ የለወጠው ጌኦርግ ኬርሸንሽታይነር የዚያችው የሙኒክ ልጅ ነው። ጁላይ 29 ቀን 1854 ሲወለድ ወላጆቹ በንግድ ይተዳደሩ ነበር፤ ሀብት ግን አልነበራቸውም። ለድሀ ቤት ልጅ ወደ ትምህርት የሚወስደው አጭሩ መንገድ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበረና ወደ ፍራይዚንግ ተላከ። ሥልጠናውን ጨርሶ ረዳት መምህር ሆኖ ወደ ገጠር ሲወጣ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ራሱ ያልጠገበውን ትምህርት ለሌላ ማጉረስ እንደማይሆንለት ተረዳ። ደመወዙን ትቶ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር በጂምናዝየም ወንበር ላይ እንደገና ተቀመጠ፤ ከዚያም በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲው ሒሳብና ፊዚክስ አጠና። በ1883 የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘበት ጽሑፍ ስለ አራተኛ ደረጃ ኩርባዎች የተጻፈ የንጹሕ ሒሳብ ሥራ ነው። ኤርላንገን ያስተምር የነበረው የታወቀው የሒሳብ ሊቅ ፓውል ጎርዳን ስለ ኢንቫርያንት የሰጣቸውን ትምህርቶች አዘጋጅቶ በ1885 እና በ1887 በሁለት ቅጽ ያሳተመውም እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ በኑረንበርግ፣ በሽቫይንፉርትና በሙኒክ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሆኖ አገለገለ። የሙያ ትምህርት አባት እየተባለ የሚጠራው ሰው ከወርክሾፕ ሳይሆን ከአልጄብራ መነሣቱን ብዙዎች ይረሱታል፤ ይሁን እንጂ በኋላ ስለ ሥራ የጻፈውን ላስተዋለ፣ አንድ ነገር እውነት መሆኑ በራሱ በነገሩ ይረጋገጣል የሚለው የሒሳብ ሰው እምነት በሁሉም ላይ ይታያል።

በ1895 የሙኒክ ከተማ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚህ ሥልጣን 24 ዓመት ቆየ። አስቀድሞ የያዘው የአንደኛ ደረጃውን የትምህርት ሥርዓት ማደስ ነበር። ለሴቶች ልጆች የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ለወንዶች ደግሞ የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል በስምንተኛው ዓመት ትምህርት ውስጥ አስገባ፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪም በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሙከራ እንዲሰጥ አደረገ። በዚሁ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የከተማይቱን ልጆች ሥዕሎች ሰብስቦ እየለየ መረመረና የሥዕል ችሎታ በልጆች ላይ እንዴት እንደሚያድግ የሚገልጽ ትልቅ መጽሐፍ በ1905 አወጣ። የቢሮ ሥራ የበዛበት አንድ ሹም ይህን ያህል ወረቀት እያገላበጠ መመልከቱ ያስገርማል።

ስሙን ከጀርመን ውጭ ያስጠራው ግን ከ1900 ጀምሮ በለማጆቹ ትምህርት ቤት ላይ ያደረገው ለውጥ ነው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ልጁ የሚወደውና የሚያስበው ስለ ሙያው ከሆነ፣ ትምህርቱ ሁሉ ከሙያው ይጀምር። ስለዚህ ኬርሸንሽታይነር ለማጆቹን በሚኖሩበት ሠፈር ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ ለየ። ለጋጋሪዎች፣ ለሥጋ ሻጮች፣ ለጫማ ሰፊዎች፣ ለጸጉር አስተካካዮች፣ ለአናጺዎች፣ ለመጽሐፍ ጠራዦች፣ ለሰዓት ሠሪዎች፣ ለፎቶግራፍ አንሺዎች፣ እንዲያውም ለጭስ መውጫ ጠራጊዎች ሳይቀር ለየራሳቸው ክፍል ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ የሙያዎቹ ቁጥር ወደ 50 ተጠጋ። ሙያ ለሌላቸው የቀን ሠራተኞች ልጆችም የእንጨትና የብረት ሥራ የሚማሩበት ክፍል ተዘጋጀላቸው። በሙያው ክፍል ልጁ የሚሠራበትን ዕቃና መሣሪያ ጠባይ ያጠናል፤ ለሙያው የሚያስፈልገውን ንድፍ ይስላል፤ ሒሳብ ሲማር የእቃውን ዋጋና የጌታውን የሒሳብ መዝገብ ይሠራል፤ ጽሕፈት ሲማር ለደንበኛ የሚላክ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ ላይ የጤና አጠባበቅና የዜግነት ትምህርት ይጨመርበታል። ከመምህራኑ መካከል ገሚሶቹ በሙያቸው የተመሰገኑ የእጅ ሥራ ጌቶች ነበሩ።

ችግሩ የመጣው ከሰዓቱ ነው። ትምህርቱ በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ኬርሸንሽታይነር ይህ ሰዓት ከእሑድና ከምሽት ወጥቶ ወደ ሥራው ቀን እንዲገባ ፈለገ። የደከመ ልጅ አይማርም ብሎ ያምን ነበርና። ለአንድ ባለ ሱቅ ጌታ ግን ለማጁ በሥራ ቀን ሱቁን ትቶ መሄዱ ግልጽ ኪሳራ ነው። የእደ ጥበብ ማኅበራቱ ተቃወሙ፤ ትምህርት ቤቱ ሙያችንን ሊነጥቀን ነው የሚሉም አልጠፉም። ኬርሸንሽታይነር ይህን የመለሰው በክርክር ብቻ አይደለም። ማኅበራቱን ራሳቸውን ጠርቶ በየሙያቸው ክፍል የትምህርት ዝርዝር ላይ እንዲመክሩ፣ ለወርክሾፑ ዕቃ እንዲያቀርቡ፣ ከመካከላቸውም የሚያስተምሩ እንዲመርጡ አደረገ። አስተዳደሩን ግን ለማኅበራቱ አልለቀቀም፤ የጋጋሪዎቹም ክፍል ሆነ የአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት በአንድ የከተማ ኃላፊ ሥር ነበሩ። ይህ ነጥብ ቆይቶ በባሕር ማዶ የሚያጣላ ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

ጊዜውም ረድቶታል። በ1897 የወጣው የጀርመን የእደ ጥበብ ሕግ የእደ ጥበብ ምክር ቤቶችን አቋቁሞ፣ ለማጁ ዘመኑን ሲጨርስ በሙያው ሰዎች ፊት ቀርቦ የሚፈተንበትን ሥርዓት አጸና። በ1908 ደግሞ የጌትነት ፈተና ያላለፈ ሰው ለማጅ ማሠልጠን እንዳይችል ተወሰነ። ስለዚህ ልጁን የሚያስተምረው አንድ፣ የሚፈትነው ሌላ ሆነ፤ አሠልጣኙም ራሱ የተፈተነ ሰው እንዲሆን ተፈለገ። የሙኒክ ትምህርት ቤት በዚህ መካከል ያለው ድርሻ የምስክር ወረቀት ማደል ሳይሆን፣ ከሱቁ ጠባብ ሥራ ብቻ ሊገኝ የማይችለውን እውቀት መጨመር ነበር። ደረቅ ብረት እየሞረደ የሚውል ልጅ ብረቱ ለምን እንደሚጠነክርና ለምን እንደሚሰበር የሚነግረው ጌታ ሁልጊዜ አያገኝም።

በ1901 የኤርፉርት አካዳሚ ያወጣውን የውድድር ጥያቄ መልሶ አሸነፈ። ጥያቄው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ጦር ሠራዊት እስኪገባ ያለው ወጣት ለዜግነት እንዴት ሊታነጽ ይችላል የሚል ነበር። የኬርሸንሽታይነር መልስ ወጣቱ በሙያው ብቁ ሲሆን፣ ሙያውም ለሌሎች እንደሚያስፈልግ ሲያውቅ፣ ያን ጊዜ ዜጋ ይሆናል የሚል ነው። ኋላ የመጡ ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ጽሑፍ ላይ ነቀፌታ አቅርበዋል። የሶሻል ዴሞክራቶች ኃይል እየጨመረ በሄደበት ዘመን የሠራተኛውን ልጅ ለመንግሥት ታዛዥ አድርጎ ለማሳደር የታሰበ ነው ይላሉ። ነቀፌታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ስለ መንግሥት የነበረው አስተሳሰብ ከዘመኑ አልራቀም። ሆኖም ያንኑ ልጅ ከእሑድ እንቅልፍ አውጥቶ የሥራ ቀኑን ለትምህርት ያስለቀቀለት ሌላ ሰው አልነበረም።

በ1908 በዙሪክ የፔስታሎትሲ መታሰቢያ ላይ ባደረገው ንግግር የወደፊቱ ትምህርት ቤት የሥራ ትምህርት ቤት ነው ብሎ አወጀ፤ በ1912 ደግሞ ይህንኑ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አብራራ። መጽሐፊቱ በብዙ ቋንቋ ተተርጉማለች። ከጊዜ በኋላ ሐሳቡን ለማስረዳት ደጋግሞ የሚያነሣው ምሳሌ ልጆች ከሳንቃ የሚሠሩት የወፍ ቤት ነው። ልጁ ሳንቃ ይሰጠዋል። ከመጋዙ በፊት ያስባል፤ መጠኑን ይለካል፤ ንድፉን ያወጣል፤ ከዚያ ይቆርጣል፤ ይገጥማል። በመጨረሻ ጥጉ በእስኳድራ ሲታይ ገጥሟል ወይም አልገጠመም። መምህሩ ዝም ቢል እንኳ ሳንቃው ይናገራል። ለኬርሸንሽታይነር የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህች ራስን መመርመር ናት። ልጁ ስሕተቱን ራሱ አይቶ ራሱ ሲያፍርበትና ሲያርመው፣ ማንም ሳያየው በትክክል መሥራትን ይለምዳል። በሞርሳ ላይ ብረት አስሮ የሠራ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። በ1911 ድሬስደን በተደረገው ጉባኤ የላይፕሲጉ መምህር ሁጎ ጋውዲግ ፊት ለፊት ተከራከረው። የልጅ ሥራ ማለት እጅ ብቻ አይደለም፤ በነፃነት የሚጠይቅና የሚያስብ አእምሮም ይሠራል የሚል ነበር የጋውዲግ አቋም። ከዚያ ወዲህ ኬርሸንሽታይነር ቃሉን ይበልጥ እያጠራ ሄደ፤ የእጅ ሥራ ስላለ ብቻ ትምህርት ቤት የሥራ ትምህርት ቤት አይሆንም፣ አሳቢነትና ራስን መመርመር ከሌለበት መጋዝም መጽሐፍም እኩል ናቸው ወደሚል ደረሰ። ይህን በማጥራት የረዳው አሜሪካዊው ጆን ዱዊ ነው፤ በ1910 ያወጣውን ስለ አስተሳሰብ የሚናገር መጽሐፍ ኬርሸንሽታይነር በጥንቃቄ አንብቦታል።

በ1910 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተጋብዞ ስለ ሙኒክ ትምህርት ቤቶች ንግግር አደረገ፤ ንግግሮቹንም የቺካጎ የንግድ ሰዎች ክበብ በ1911 አሳተመ። በዚያው ዓመት ዊስኮንሲን የለማጆች ትምህርት ሕግ አወጣች። በኢሊኖይ ግን ኤድዊን ኩሊ የተባለው የቀድሞ የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የሙያ ትምህርቱ ከሌላው ተለይቶ በራሱ ቦርድ እንዲተዳደር የሚያደርግ ረቂቅ ሲያቀርብ፣ የሠራተኛ ማኅበራትና መምህራን ተነሡበት። ከሁሉ በላይ የተቃወመው ያው ዱዊ ነበር፤ ትምህርቱን ለሁለት ከፍሎ ለአሠሪዎች ፍላጎት መስጠት ነው አለ። ረቂቁ በ1913 ሳይጸድቅ ቀረ። የሚገርመው፣ በሙኒክ ስም የቀረበው የሁለት አስተዳደር ዕቅድ በሙኒክ ያልነበረ መሆኑ ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከውጭ የሚታየው ቅርጹ ነው።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ሆናለች። በ2005 ከጀርመን መንግሥት ጋር በተጀመረው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ማሻሻያ አንዱ ክፍል ነበር፤ በ2008 የወጣውም ስትራቴጂ የሙያ ደረጃዎችን አስቀምጦ ሠልጣኙ ካስተማረው ተቋም ውጭ በሚደረግ ምዘና የብቃት ማረጋገጫ እንዲያገኝ አደረገ። ሕዝቡ ሲኦሲ ብሎ የሚጠራው ይህ ፈተና፣ አስተማሪና ፈታኝ ይለዩ የሚለውን ተገቢ መርሕ ይዞ መጥቷል። በጀርመን ግን ፈተናው የሚመጣው ልጁ ዓመታት በጌታ ቤት ሠርቶ ከቆየ በኋላ ነው፤ በ1969 የወጣው ሕግ ባጸናው መሠረትም በፈታኞቹ ጉባኤ ውስጥ አሠሪዎችና ሠራተኞች በእኩል ቁጥር፣ ከእነርሱም ጋር የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ይቀመጣሉ። ፈተናው ተሻግሮ የሥራ ቤቱ ወደ ኋላ በቀረበት ቦታ፣ ትምህርት ቤቱ ባሳለፋቸው ሰዎች ቁጥር ሲመዘን፣ መምህሩ ለፈተናው ብቻ ለማስተማር ይገደዳል። ይህ ፈተና በአሜሪካም አልቀረም፤ ከ2015ቱ የትምህርት ሕግ ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለሥራ ዝግጁነት የሚሰጡ የምስክር ወረቀቶችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚጠየቁባቸው መለኪያዎች አንዱ አድርገዋል።

ኬርሸንሽታይነር ከ1912 እስከ 1918 በጀርመን ምክር ቤት የሊበራሎች እንደራሴ ሆኖ ተቀመጠ። በ1918 የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ፕሮፌሰር አደረገው፤ በ1919 የከተማውን ሹመት ለቀቀ። የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ቢቀርብለትም ከተማውን መተው አልፈለገም። በእነዚህ ዓመታት ከፈላስፋው ኤድዋርድ ሽፕራንገር ጋር ብዙ ተጻጽፏል፤ በ1921 ስለ አስተማሪ ነፍስ፣ በ1926 ደግሞ ስለ ትምህርት ፍልስፍና ያወጣቸው መጻሕፍት የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ጋጋሪዎችንና ጭስ መውጫ ጠራጊዎችን በየክፍላቸው የመደበው እጅ በእርጅናው ወደ ረቂቅ ፍልስፍና ማዘንበሉን የማይወዱለት አሉ። ጽሑፉ እውነትም ከብዷል።

ጃንዋሪ 15 ቀን 1932 በሙኒክ ሞተ። ትምህርት ቤቶች እንዴት ሊደራጁ እንደሚገባ የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው።