የዌሊንግተን መስፍን፦ ማፈግፈግን የሚያውቅ አዛዥ በምክር ቤት

በኋላ የዌሊንግተን መስፍን የተባለው አርተር ዌልስሊ በ1769 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ተወለደ። ስሙ የሚነሣው በ1815 ናፖሊዮንን በዋተርሎ ድል በመንሣቱ ነው፤ የአዛዥነት ብስለቱ ይበልጥ የሚታየው ግን በ1810 በፖርቱጋል ነው። የፈረንሳይ ጦር ሲገፋ እርሱ ወደ ሊዝበን አፈገፈገ፤ በምስጢር ባሠራቸው የቶሬስ ቬድራስ ምሽጎች ተከልሎም ጠላቱን ለረኃብ ዳረገ።

በ1828 ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ ይኸው ጥበብ እንደገና አስፈለገው። ካቶሊኩ ዳንኤል ኦኮነል በአየርላንድ ተመረጠ፤ ሕጉ ግን ካቶሊኮች በምክር ቤት እንዳይቀመጡ ይከለክል ነበር። መስፍኑ የእርስ በርስ ጦርነትን በመሥጋት፣ ከወገኖቹ ብዙዎች እየተቃወሙት፣ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛንም ተጭኖ በ1829 ሕጉን አስለወጠ። በዚህ ሳቢያ ከነቀፈው ከሎርድ ዊንችልሲ ጋር፣ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ሽጉጥ እስከ መማዘዝ ደረሰ፤ የቆሰለ ግን አልነበረም።

በ1830 ይህ ማስተዋል ተለየው። የምርጫው ሥርዓት መሻሻል አያሻውም ሲል በይፋ ተናገረ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም መንግሥቱ ወደቀ። መሬቱን ሳያጠና የማይሰለፈው የጦር ሰው የሕዝቡን ስሜት ሳይመረምር ቆሞ ነበር። በ1831 ቁጡ ሰልፈኞች የቤቱን መስኮቶች በድንጋይ ሰበሩ፤ እርሱም የብረት መከለያ አስገጠመላቸው። በ1832 ከላይኛው ምክር ቤት ተቃውሞ ራሱን ሲያገል ብዙ መኳንንት ተከተሉት፤ ሕጉም ጸደቀ።

በ1852 ሲሞት አስከሬኑ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዐረፈ፤ በቀብሩ ዕለት የለንደን ጎዳናዎች በሕዝብ ተጨናንቀው ነበር።