ጠመንጃ ስራ የተባለው መሐንዲስ

ከመርካቶ ራጉኤል ተነስታችሁ ምናለሽ ተራ ብትዘልቁ አሮጌ በርሜል በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ታያላችሁ። ያዘዛችኋቸውን ብረት አልችልም የሚል ባለሙያ እምብዛም አይገኝም። እዛ ባለፍኩ ቁጥር አልፍሬድ ኢልግ ትዝ ይለኛል።

ኢልግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ስዊዘርላንድ ተወለደ። በ1879 ምህንድስናውን ይዞ አንኮበር ሲደርስ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ ነበር ይባላል። ቀጥሎ ጠመንጃ አዘዙት። ከአውሮፓ የተሻለውን በርካሽ ማስመጣት እንደሚቻል ቢያስረዳም አልሰሙትም። ሙያው አልነበረም፤ ግን ሰራው። ጠመንጃ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ አፈሙዙ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ የፀጉር ያህል ከተዛነፈች ጥይቱ ዒላማውን ይስታል።

ይህን ፈተና ያለፈው ሰው በኋላ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ፤ በ1894 የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተቀበለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም ሆነ። በ1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለሆነ ለማየት አልታደለም።

እኛስ? ይሄ ኮርሳችን ውስጥ የለም እያልን ስንት ስራ መልሰናል? ምኒልክ ጫማውን ያዘዙት እግራቸው ባዶ ሆኖ አይመስለኝም፤ ሰውየውን ሊለኩት ነው።