ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና የወጣቶቹ ባልንጀሮች

የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ስም በአገራችን እንግዳ አይደለም። የሳሌዚያን ማኅበር ልጆቹ በ1975 ወደ መቀሌ ከመጡ ወዲህ የሙያ ትምህርት ቤታቸውንና የወጣቶች ማእከላቸውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ዓይን የሚያርፈው በሕንፃው ላይ ስለ ሆነ፣ ሥራው ሲጀመር ሕንፃም ገንዘብም እንዳልነበረው በቀላሉ ይዘነጋል። የነበረው በፈቃዳቸው ጊዜያቸውን ለልጆች የሰጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምናወሳው ይህንኑ ጅማሬ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ምድር፣ ቤኪ በምትባል የገጠር መንደር በኦገስት 16 ቀን 1815 ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቱ ማርጋሪታ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በእምነታቸው ግን የጸኑ ገበሬ ነበሩ። ልጁ ካህን ለመሆን ቢመኝም፣ ከሌላ እናት የተወለደው ታላቅ ወንድሙ አንቶኒዮ መጽሐፍ የለመደ እጅ እርፍ አይጨብጥም ባይ ስለ ነበር የቤቱ ሰላም ጠፋ። ስለዚህ ዮሐንስ በ12 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በሰው እርሻ ለመቀጠር ተገደደ።

በዚያ ዘመን የአካባቢው ካህናት ልጁ ሲሰግድላቸው ከሩቅ ሰላምታ መልሰው ያልፉ ነበር። ይህ በጣም ያሳዝነው ስለ ነበር፣ ካህን ቢሆን ልጆችን ቀርቦ እንደሚያነጋግር በልቡ ወሰነ። በኖቬምበር 1829 ግን፣ ስብከት ሰምቶ ሲመለስ፣ አባ ካሎሶ የተባሉ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ካህን በመንገድ አነጋገሩት። ከስብከቱ ምን እንደ ያዘ ቢጠይቁት ልጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመላቸው። ሽማግሌው ተደንቀው ያለ ምንም ክፍያ ላቲን ያስተምሩት ጀመር፤ የወንድሙ ተቃውሞ ሲበረታም ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ዮሐንስ የነፍሱን ነገር ሳይፈራ የሚገልጥለት ሰው ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በኖቬምበር 1830 አባ ካሎሶ በድንገት ታመው አንደበታቸው ተዘጋ፤ የገንዘብ ሣጥናቸውን ቁልፍ ለልጁ ሰጥተው በውስጡ ያለው የእርሱ መሆኑን በምልክት አሳዩት። ካረፉ በኋላ ግን ልጁ ቁልፉን ለዘመዶቻቸው አስረከበ። ሰባክያን ይህን ቁልፍ አዘውትረው ያነሡታል፤ በእኔ አስተያየት ከቁልፉ የሚበልጠው ያ አንድ ዓመት ነው። በእኛ ዘንድ የክርስትና አባትነት ለእንዲህ ያለው አገልግሎት የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከጥምቀቱ ድግስ ጋር አብሮ ሲያበቃ እናያለን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በኪየሪ ከተማ እየሠራ ተማረ፤ ወደ ዘርአ ክህነት ገብቶም በጁን 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ክህነትን ተቀበለ። መንፈሳዊ መሪው ቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ ወደ ከተማይቱ ወኅኒ ቤቶች ይዞት ሄደ። በዚያ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ብርቱና ብልህ ልጆች በነፍሳትና በቅማል ተወርረው፣ ያለ ሥራ ተቀምጠው አየ። ይልቁንም ያስደነገጠው፣ ከእስር የተፈቱት ተመልሰው መግባታቸው ነበር። ምክንያቱን ሲመረምር፣ ሲወጡ የሚቀበላቸውና በበዓል ቀን የሚጠይቃቸው አንድ ወዳጅ እንኳ እንዳልነበራቸው ተረዳ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር 8 ቀን፣ እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነሰችበት በዓል ሲከበር፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ይዘጋጅ ነበር። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አንድ ልጅ ቅዳሴ ማገልገል አልችልም ቢለው በዱላ እየመታ አባረረው። ቦስኮ ልጁ ወዳጁ መሆኑን ተናግሮ አስጠራው። ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባል፣ ከአስቲ የመጣ የ16 ዓመት ግንበኛ ነው፤ አባትና እናት የሉትም፣ ማንበብም መጻፍም አያውቅም። ካህኑ ማፏጨት ይችል እንደ ሆነ ሲጠይቀው ልጁ ፈገግ አለ። በማማተብ የተጀመረው ትምህርተ ክርስቶስ ከዚህች ፈገግታ ቀጠለ፤ በሚቀጥለውም እሑድ ጋሬሊ ጓደኞቹን ይዞ መጣ።

ልጆቹ ሲበዙ ጫጫታቸውን የሚታገሥ ጎረቤት ታጣ፤ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲባረሩ ቆይተው በ1846 የትንሣኤ በዓል በቫልዶኮ ሰፈር አንዲት ዝቅተኛ ጎጆ ተከራዩ። ቦስኮ በሥራ ቀን ግንበኞቹ በሚሠሩበት ርብራብ ላይ ሳይቀር እየወጣ ልጆቹን ይጎበኝ ነበር። ደግ አሠሪም ይፈልግላቸዋል። በ1852 ለአንድ አናጺ ለማጅ ያስፈረመው ውል እስከ ዛሬ አለ፤ ጌታው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳይቀጣ፣ ከሙያው ውጭ እንዳያሠራው፣ እሑድንም እንዲለቅቀው ያስገድዳል። ቦስኮም ስለ ልጁ ፈርሟል።

እናቱ ማርጋሪታ በኖቬምበር 1846 ቤታቸውን ትተው ከእርሱ ጋር ሊኖሩ መጡ፤ 58 ዓመታቸው ነበር። ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ያበስላሉ፣ ልብሳቸውን ይጥፋሉ። አንድ ቀን ልጆቹ የአትክልት ቦታቸውን ረግጠው ቢያጠፉባቸው ተማርረው ወደ መንደራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ልጃቸው ምንም ሳይመልስ በግድግዳው ላይ ያለውን የክርስቶስን ስቅለት ቢያሳያቸው፣ ሽርጣቸውን መልሰው ታጠቁ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1856 ድረስ፣ በዚያው ቆዩ።

ለማታው ትምህርት መምህር በታጣ ጊዜ ቦስኮ ከልጆቹ መካከል አስተዋዮቹን መርጦ በነጻ አስተማረ፤ እነርሱም በተራቸው ታናናሾቻቸውን በነጻ እንዲያስተምሩ ተስማሙ። አባት የሌለው ሚካኤል ሩዋ በዚህ ቤት አድጎ፣ በኋላ ማኅበሩን የወረሰ የመጀመሪያው አለቃ ሆኗል። በ1854 ኮሌራ ቶሪኖን ሲመታ፣ በሽታውን ፈርቶ ሰው በሚሸሽበት ሰዓት፣ 44 ወጣቶች በፈቃዳቸው ሕሙማንን ለማስታመም ወጡ። ከእነርሱ አንዱም አልታመመም።

ቦስኮ በመጀመሪያው የማኅበሩ ደንብ ረቂቅ በየቤታቸውና በየሥራቸው የሚኖሩ ምእመናን እንደ ካህናቱ ሙሉ አባላት እንዲሆኑ ጽፎ ነበር። ሮም ይህን አልተቀበለችም፤ ደንቡ በ1874 ሲጸድቅ ምዕራፉ ተሰረዘ። እርሱ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ለእነዚሁ ሰዎች የሳሌዚያን ተባባሪዎች ማኅበርን አቋቁሞ በ1876 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛን ይሁንታ አገኘ።

በጃንዋሪ 31 ቀን 1888 ዐረፈ። በ1934 በትንሣኤ ዕለት ቅድስናውን ያወጁት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ፣ በ1883 የ26 ዓመት ካህን ሳሉ በቫልዶኮ በእንግድነት ተቀምጠው አይተውት ነበር።