ቅዱስ ዮስጢኖስ ፈላስፋና ሰማዕት

የሃይማኖትን ነገር የሚመረምር ሊቅ ሁለት ፈተና ያገኘዋል። አንደኛው ሳይመረምሩ መፍረድ ነው፤ ሁለተኛውም ዕድሜ ልክ እየመረመሩ ከፍርድ ሳይደርሱ መቅረት ነው። ከሁለቱም ፈተና ያመለጠ ሊቅ ማየት የሚሻ ሰው የቅዱስ ዮስጢኖስን ሕይወት ይመልከት።

ዮስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ100 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ናብሎስ በምትባለው በሰማርያ ከተማ ከአረማውያን ወላጆች ተወለደ። እግዚአብሔርን ለማወቅ ሽቶ በፈላስፎች ደጅ ጠና። ከኢስጦኢኮች ወገን የነበረው መምህር ይህን ማወቅ አያስፈልግም አለው። የአርስጣጣሊስ ተከታይ የነበረው ጥቂት ቀን ካስተማረው በኋላ ደመወዙን ጠየቀው። የፒታጎራስ ተከታይ የነበረውም አስቀድመህ ሙዚቃን፣ የከዋክብትንና የጂኦሜትሪን ትምህርት ካልተማርህ አልቀበልህም ብሎ መለሰው። በመጨረሻ በአፍላጦን ትምህርት ደስ ተሰኝቶ ሳለ፣ በባሕር ዳር ያገኘው አንድ ሽማግሌ ስለ ነፍስ ጠይቆ መልስ አሳጣው፤ መጻሕፍተ ነቢያትንም እንዲመረምር አመለከተው።

በዚያን ዘመን ክርስቲያኖች በብዙ ርኵሰት ይታሙ ነበር። ዮስጢኖስ ገና ሳያምን ሐሜቱን ከሥራቸው ጋር አመዛዘነ። ሥጋዊ ተድላን የሚወድ ሰው ሞትን ይሸሻል፤ እነዚህ ግን ሳይፈሩ ይሞታሉና ሐሜቱ ሐሰት መሆኑን ተረዳ።

ካመነም በኋላ የፈላስፋነቱን ካባ አላወለቀም፤ በሮም ያስተምር ነበር። በ155 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንጦኒኖስ ፒዮስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ክርስቲያን ስለ ስሙ ብቻ እንዳይቀጣና ሥራው ተመርምሮ እንዲፈረድለት ጠየቀ። እርሱም የለመነውን ፍርድ ለሌሎች አልነፈገም። ሶቅራጥስን የመሰሉ አረማውያን የተናገሩትን እውነት ከቃለ እግዚአብሔር የተዘራ ዘር ነው ብሎ ተቀበለ፤ ስሕተታቸውን ግን ሳይሸፍን ነቀፈ። ከአይሁዳዊው ከትሪፎን ጋር ያደረገውን ክርክር ሲጽፍም የባላጋራውን ጥያቄ ገልጦ አቀረበ፤ ትሪፎን ባያምንም በመልካም ምኞት መለያየታቸውን ጻፈ።

በ165 ዓ.ም. ገደማ የሮም ከተማ ገዥ ሩስቲኮስ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘው። ሩስቲኮስ ራሱ የኢስጦኢኮች ፈላስፋ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ አውሬሊዮስ መምህር ነበረ። ወደ ሰማይ የምትወጣ ይመስልሃልን ሲል ቢጠይቀው፣ ዮስጢኖስ መምሰል ሳይሆን በእርግጥ ማወቅ መሆኑን መለሰለት። ከስድስት ባልንጀሮቹም ጋር አንገቱን ተሰየፈ።

ዛሬም ሃይማኖቶችን የሚያጠኑ አንዳንድ ሊቃውንት፣ እምነቱ እውነት ነውን የሚለውን ጥያቄ መተው የሚገባ ይመስላቸዋል። የባላጋራን ቃል ሳያጣምሙ ማቅረብ፣ ሐሜትንም ሳይመረምሩ አለመቀበል ግዴታ ነው፤ ዮስጢኖስም ይህን ፈጽሞአል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ያደረገው እውነትን ለማግኘት ነበረ፤ ባገኛትም ጊዜ ከእርስዋ ጋር ቆመ።