ዐይነ ሥውሩ መምህር ዲዲሞስ ዘእስክንድርያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሳችሁ እንደሆነ፣ ዐይናቸው የማያይ የኔታ ከወንበራቸው ሳይነሡ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ተማሪ የሳታትን አንዲት ቃል ሲያርሙ ሳትሰሙ አትቀሩም። የዛሬው ታሪካችን የእንዲህ ያለ መምህር ነው፤ አገሩ ግን ግብፅ፣ ዘመኑም አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ዲዲሞስ በ313 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ ዐይኑ ጠፋ።

ታዲያ እንዴት ተማረ? ፊደሉ በእንጨት ላይ ተቀርጾለት በጣቱ እየዳሰሰ ለየው። ልብ በሉ፤ ዛሬ ማየት የተሳናቸው ወገኖቻችን የሚያነቡበት ብሬይል የተገኘው ከዚያ 1500 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የቀረውን የተማረው በጆሮው ነው። ማታ ማታ ሰው ያነብለታል። አንባቢው ደክሞት እንቅልፍ ሲጥለው እሱ አይተኛም፤ የሰማውን እንደሚያመሰኳ እንስሳ መልሶ መላልሶ ሲያኝከው ያድራል። ሰዋስው ቢሉ፣ ሒሳብ ቢሉ፣ ጂኦሜትሪ እንኳ ሳይቀር! ሥዕሉን ሳያይ ጂኦሜትሪ እንዴት እንደያዘ እንጃ።

ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ፣ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ለዚህ ዐይነ ሥውር አደራ ሰጠ። ጊዜው አርዮሳውያን የበረቱበት፣ አትናቴዎስ ራሱ አምስት ጊዜ የተሰደደበት ነው። ዲዲሞስ የኒቅያን ሃይማኖት ይዞ አስተማረ። ሄሮኒሞስ (ጄሮም) በ386 ዓ.ም. ጥያቄውን ሸክፎ ወደ እሱ መጣ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውንም መጽሐፍ ወደ ላቲን መለሰለት።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ወጣት ሳለ፣ አባ እንጦንስ አርዮሳውያንን ሊቃወም ከበረሃ ወደ እስክንድርያ መጥቶ ነበር። ዲዲሞስ ሊያየው ሄደ። ስለ መጻሕፍት ሲጨዋወቱ አባ እንጦንስ በዕውቀቱ ተደነቀና፣ ዐይኑ በመጥፋቱ ያዝን እንደሆነ ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ግን እንደሚያዝን ሳይደብቅ ነገረው። አባ እንጦንስም ጉንዳንና ዝንብ ያላቸውን ዐይን አጣሁ ብሎ ማዘኑ እንዳስገረመው፣ ይልቅስ ቅዱሳንና ሐዋርያት ባዩበት ዐይን ማየቱ ደስ ሊያሰኘው እንደሚገባ ነገረው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ይህ መልስ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ያ ዝምታ ነው። ዲዲሞስ የሚጸልየው ስለ ሥጋ ዐይኑ ሳይሆን ስለ ልቡ ብርሃን ነበር ይባላል፤ እውነት ነው። ኀዘኑ ግን አልጠፋም። ሰው ሁሉ እያደነቀው ማዘኑ አሳፈረው። አባ እንጦንስም በመጀመሪያው ዝምታ ትቶት አልሄደም። እናንተስ በዚህ ጾም ለንስሐ አባታችሁ ለመናገር ያፈራችሁበት፣ ሦስተኛ እስክትጠየቁ የምትጠብቁት ነገር የለም?

ስለ ጾም ካነሣን፣ በ363 ዓ.ም. የሆነውን እንጨምር። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው የምታዩት ከሃዲው ዑልያኖስ ነግሦ ነበር። ዲዲሞስ በዚህ አዝኖ እስከ ምሽት እህል ሳይቀምስ ዋለ፤ ከወንበሩ እንደተቀመጠም እንቅልፍ ወሰደው። ነጫጭ ፈረሶች ሲሮጡ አየ። ፈረሰኞቹ ዑልያኖስ በዚያ ዕለት በሰባት ሰዓት መሞቱን አበሠሩት፤ ተነሥቶ እንዲበላና ለአትናቴዎስም እንዲልክበት ነገሩት። ሰዓቱንና ቀኑን ያዘ፤ ልክ ሆኖም ተገኘ። ይህን ከራሱ አፍ ሰምቶ የጻፈው አራት ጊዜ የጎበኘው ጳላድዮስ ነው።

ዲዲሞስ በ398 ዓ.ም. ገደማ፣ 85 ዓመት ሲሆነው ዐረፈ። በኋላ የኦሪጀንን ስሕተት ተከትሏል ተብሎ፣ የኬልቄዶን ወገኖች በ553 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ካደረጉት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ተወገዘ። ጉባኤው ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ከሦስቱ አይደለም። መጻሕፍቱ ግን ገልባጭ አጥተው አብዛኞቹ ጠፉ።

በ1941 ዓ.ም. ካይሮ አጠገብ ቱራ በሚባል ቦታ ለጦር መሣሪያ ማስቀመጫ የጥንት የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ሲጠረግ፣ በፓፒረስ የተጻፉ ትርጓሜዎቹ ተገኙ፤ ዘፍጥረት፣ ኢዮብ፣ ዘካርያስ፣ መዝሙር፣ መክብብ። በመዝሙሩና በመክብቡ ውስጥ የተማሪዎቹ ጥያቄ ሳይቀር ተጽፏል። ተማሪው ያልገባውን ጣልቃ ገብቶ ይጠይቃል፤ መምህሩ ይመልስለታል፤ ከዚያ ወደ ንባባቸው ይመለሳሉ።